መንግሥት የማይሸፍነው የማጅራት ገትር ክትባት፦ ለልጃችሁ ከኪስ ከመክፈላችሁ በፊት ምን ምን ማየት አለባችሁ?

ነርሷ መደበኛውን ክትባት ሰጥታ ጨርሳለች። ሕፃኑ ገና እያለቀሰ ነው። «የማጅራት ገትርም አለ፤ እሱ ግን በክፍያ ነው» ትላለች። ዋጋው ይጠየቃል። አባት እናትን ያያል፣ እናት አባትን። «እስቲ ተነጋግረንበት እንመጣለን» ተብሎ ይወጣል። ከዚያ ሥራ አለ፣ እንቅልፍ ማጣት አለ፣ ሳምንቱ ይሄዳል።

እኔም በመጀመሪያ ልጄ ጊዜ እንዲሁ ብዬ ወጥቼ ወራት አሳልፌያለሁ። እምቢ አላልኩም፤ እሺም አላልኩም። ለዚህ በሽታ ግን ዋናው የአደጋ ጊዜ የመጀመሪያው ዓመት ነው። ሳልወስን የቆየሁባቸው ወራት ራሳቸው ውሳኔ እንደነበሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። አሁን የምጽፈው «አስከትቡ» ወይም «ተዉት» ለማለት አይደለም። በቂ ነገር አውቃችሁ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ቁርጥ ያለ ነገር ላይ እንድትደርሱ ነው።

1. በሽታውን ለይታችሁ እወቁ

የአማርኛው ስም ራሱ አንዱን ምልክት ይናገራል፤ ማጅራትን ይገትራል። የሚታመመው ግን ማጅራቱ አይደለም። የሚቆጣው አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን የሸፈነው ስስ ሽፋን ነው።

መነሻው ብዙ ነው። ቫይረስ ያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ይላል፤ ብዙዎች ያለ ልዩ ሕክምና ይድናሉ። የሚያስፈራው ባክቴሪያ ያመጣው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በባክቴሪያ ማጅራት ገትር ከሚያዙ 6 ሰዎች አንዱ ይሞታል። ከ5 ሰዎች አንዱ ደግሞ ከባድ ጉዳት ይዞ ይቀራል። ጆሮው የማይሰማ ልጅ አለ። የሚጥል በሽታ የያዘው አለ። ደሙ ተመርዞ እጁ ወይም እግሩ የተቆረጠ አለ።

በክትባት ወሬ ውስጥ ደጋግማችሁ የምትሰሟቸው ባክቴሪያዎች ሦስት ናቸው፦ ሂብ፣ ኒሞኮከስ እና ሜኒንጎኮከስ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የሚከላከሉት ክትባቶች በአብዛኞቹ አገሮች በነፃ ከሚሰጡት መደበኛ ክትባቶች ውስጥ ገብተዋል። የክፍያ ጥያቄ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ላይ ነው።

ሜኒንጎኮከስ ደግሞ አንድ ወጥ አይደለም። 12 ዝርያዎች አሉት። ሰውን በብዛት የሚያሳምሙት 6 ናቸው፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ደብልዩ፣ ኤክስ እና ዋይ። ሁሉንም የሚከላከል አንድ መርፌ የለም። አንዱ ክትባት ኤን፣ ሲን፣ ደብልዩንና ዋይን በአንድ ላይ ይይዛል። ሌላው ለቢ ብቻ ነው። ስለዚህ «የማጅራት ገትር ክትባት ተከትቧል» የሚለው ወሬ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። የትኛው ፊደል? ጥያቄው እሱ ነው።

2. ካርዱን አውጡና አንብቡት

ብዙ ወላጅ ካርዱን በጥንቃቄ ያስቀምጣል እንጂ አያነበውም። ዛሬ ማታ አውጡት። ጠረጴዛ ላይ ዘርጉትና አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በአንዱ በኩል ልጁ የወሰደውን ጻፉ፤ በሌላው የቀረውን።

የእኔ ልጅ ካርድ ላይ አንድ መስመር በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሞልቶ፣ ቀጥሎ ያለው ባዶ ነበር። ሦስተኛው የኒሞኮከስ መርፌ ነው። ያን ቀን ትኩሳት ነበረው፤ «በሚቀጥለው» ተባልን፤ እኛም ረሳነው። ለአዲስ ክትባት ስለመክፈል ስንከራከር፣ በነፃ የሚሰጠው ሳይወሰድ ቀርቷል። ኒሞኮከስ እኮ ራሱ ማጅራት ገትር ያመጣል።

መጀመሪያ የጎደለውን ነፃ ክትባት አሟሉ። በካርዱ ላይ የማይገባችሁ አኅጽሮት ካለ ዝም ብላችሁ አትገምቱ። ነርሷን «ይቺ ምንድን ናት?» ብላችሁ እያንዳንዷን መስመር አስነብቡ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

3. እናንተ ባላችሁበት ቦታ የሚያጠቃው የትኛው ዝርያ ነው?

ዝርያዎቹ ከቦታ ቦታ ይለያያሉ። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ የተዘረጋው፣ 26 አገሮች የሚገኙበት «የማጅራት ገትር ቀበቶ» አለ። በዚያ አካባቢ በደረቁ ወራት ወረርሽኝ ይነሳል። ድሮ ዋናው ጠላት ኤ ነበር። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚሁ ዝርያ ተብሎ የተሠራው ሜንአፍሪቫክ በዘመቻ ከተሰጠ በኋላ የኤ ወረርሽኝ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ሲ፣ ደብልዩ እና ኤክስ ግን አሁንም አሉ። በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ኤን፣ ሲን፣ ደብልዩን፣ ዋይንና ኤክስን የሚይዝ ባለ አምስት ዝርያ ክትባት አጽድቋል። በ2024 ናይጄሪያ መስጠት ጀምራለች። ልብ በሉ፣ ቢ እዚያ ውስጥ የለም።

በአውሮፓና በአውስትራሊያ ደግሞ ሕፃናትን በብዛት የሚያሳምመው ቢ ነው።

የሕፃናት ሐኪማችሁን «ክትባቱ ጥሩ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «አዎ ጥሩ ነው» ይሆናል፤ ምንም አትጠቀሙበትም። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «እዚህ አካባቢ ሕፃናትን የሚያጠቃው የትኛው ዝርያ ነው? ይሄ የምንከፍልበት ክትባት ያንን ይይዛል?» ጉዞ ካሰባችሁም ተናገሩ። ወደ ቀበቶው አገሮች የሚሄድ ልጅ ጉዳዩ ሌላ ነው። ለሐጅና ለዑምራ ደግሞ የኤ፣ ሲ፣ ደብልዩ እና ዋይ ክትባት ግዴታ ነው፤ ቢያንስ ከመድረስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት።

4. «በነፃ የማይሰጥ ከሆነ አያስፈልግም ማለት ነው» የሚለውን ሐሳብ ተዉት

ይህን ሐሳብ ከብዙ ወላጆች ሰምቻለሁ። እኔም አስቤዋለሁ። እውነታው ሌላ ነው።

እንግሊዝን እንውሰድ። ለቢ ዝርያ የተሠራው ቤክሴሮ የሚባለው ክትባት በአውሮፓ ፈቃድ ያገኘው በጥር 2013 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት የአገሪቱ የክትባት አማካሪ ኮሚቴ «ወጪውን አይመልስም» አለ። በመጋቢት 2014 ሐሳቡን ቀየረ፦ ዋጋው ከቀነሰ ይሰጥ። በመስከረም 2015 ለሁሉም ሕፃናት በነፃ መሰጠት ጀመረ፤ በዓለም የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። ክትባቱ ያው ነው። በሽታው ያው ነው። የተለወጠው ሒሳቡ ነው።

ከዚያም በኋላ በነፃ ያገኙት ከግንቦት 2015 ወዲህ የተወለዱት ሕፃናት ነበሩ። ትንሽ ቀደም ብለው የተወለዱት ቀሩ። በ2016 አንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን በዚህ በሽታ ከሞተች በኋላ ከ800,000 በላይ ሰው «ለትልልቆቹም ይሰጥ» ብሎ ፈረመ። መንግሥት አልተቀበለም።

መንግሥት የሚያሰላው ለሚሊዮን ልጆች ነው። በሽታው ብርቅ ነው፣ ክትባቱ ውድ ነው፣ በዚያ ገንዘብ ሌላ ምን ይሠራል? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እናንተ ግን የምታሰሉት ለአንድ ልጅ ነው። ሁለቱ ሒሳቦች የተለያየ መልስ ቢሰጡ ማንም አልተሳሳተም። ደግሞ ተቃራኒውንም አትርሱ፤ ውድ ስለሆነ ብቻ የግድ ያስፈልጋል ማለትም አይደለም።

የቢ ክትባት ለምን ዘገየ፣ ለምንስ ተወደደ ለሚል፦ የሌሎቹ ዝርያዎች ክትባት የሚሠራው ከባክቴሪያው የስኳር ሽፋን ነው። የቢ ሽፋን ግን በሰው ሰውነት ውስጥ ካለ ነገር ጋር ይመሳሰላል፤ ሰውነታችን እንደ ጠላት አያየውም። ተመራማሪዎች የባክቴሪያውን ሙሉ ዘረመል አንብበው፣ ከውስጡ ሌላ መያዣ ፕሮቲን እስኪያገኙ ዓመታት ፈጀባቸው።

5. ልጃችሁን ተመልከቱ

ዕድሜ ይቅደም። አደጋው የሚከፋው ከ1 ዓመት በታች ላሉት ነው። ከዚያ ይቀንስና በጉርምስና ዕድሜ እንደገና ከፍ ይላል። ስለዚህ የአራት ወር ሕፃን እና የሰባት ዓመት ልጅ ቤት ውስጥ ካሏችሁ፣ ገንዘቡም ለአንዱ ብቻ ከበቃ፣ ለታናሹ ብታደርጉት ይሻላል ባይ ነኝ።

ቀጥሎ ጤናው። ጣፊያው የወጣ ወይም የማይሠራ፣ ሲክል ሴል የሚባለው የደም ሕመም ያለበት፣ ኤችአይቪ በደሙ ያለበት፣ ኮምፕሊመንት የሚባለው የደም መከላከያ የሚጎድለው ልጅ አደጋው ከሌሎች በጣም ይበልጣል። ከእነዚህ አንዱ ካለ ይህ «እናስብበት» የሚባል ጉዳይ አይደለም። ሐኪሙን በቀጥታ አነጋግሩ። ለሌላው ሕዝብ በክፍያ የሆነው ክትባት ለእነዚህ ልጆች በነፃ የሚሰጥባቸው አገሮችም አሉ፤ ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

ኑሮም ይታያል። ባክቴሪያው ከ10 ሰዎች በአንዱ አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ምንም ሳያደርግ ይኖራል። የሚተላለፈው በቅርብና ረዘም ባለ ንክኪ ነው፤ በሳል፣ በመሳሳም፣ አንድ ክፍል ውስጥ ተጨናንቆ በመተኛት።

6. ክትባቱ የሚያደርገውንና የማያደርገውን አመዛዝኑ

የሚያደርገውን ልንገራችሁ። እንግሊዝ ውስጥ ክትባቱ በተጀመረ በ3 ዓመት ጊዜ፣ ክትባቱ በሚመለከታቸው ሕፃናት ላይ የቢ በሽታ 75 በመቶ ቀንሷል። ትልቅ ነገር ነው። ግን 100 አይደለም።

የማያደርገው ደግሞ አለ። የቢ ክትባት የተከተበውን ልጅ ይጠብቃል እንጂ ባክቴሪያውን ከጉሮሮ አያጠፋም። በደቡብ አውስትራሊያ ከ30,000 በላይ ተማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ይህን አሳይቷል። ስለዚህ «ሌሎቹ ልጆች ተከትበዋል፣ የእኔ በእነሱ ይጠበቃል» የሚለው ሒሳብ ለቢ አይሠራም። የኤ፣ ሲ፣ ደብልዩ እና ዋይ ክትባቶች ግን መተላለፍንም የመቀነስ ጠባይ አላቸው።

ጥበቃውም ከዓመታት በኋላ እየሳሳ ይሄዳል። በሕፃንነቱ የተከተበ ልጅ ጎረምሳ ሲሆን እንደገና መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጉዳቱስ? በብዛት የሚታየው ትኩሳት፣ የተወጋው ቦታ ማበጥና መቅላት፣ ነጭናጫነት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት ነው። ቤክሴሮ ከሌሎች መደበኛ ክትባቶች ጋር በአንድ ቀን ሲሰጥ ከግማሽ በላይ ሕፃናት ያተኩሳቸዋል። ይህን አስቀድማችሁ ካወቃችሁ ሌሊቱ አያስደነግጣችሁም። ከባድ አለርጂ በጣም ብርቅ ነው፤ ከመጣ ግን የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ተከትቦ ወዲያው መውጣት የሌለባችሁ ለዚህ ነው።

7. ሙሉ ወጪውን አስሉ

የሚነገራችሁ ዋጋ ብዙ ጊዜ የአንድ መርፌ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤተሰብ መንገድ ላይ የሚቀረው፤ አንዱን ከፍሎ ሁለተኛው ላይ ያቆማል። ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ክትባት ገንዘቡንም ጥበቃውንም ያጎድላል።

ቤክሴሮን ከ2 ዓመት በታች የጀመረ ልጅ ማጠናከሪያውን ጨምሮ 3 ወይም 4 መርፌ ይወስዳል። 2 ዓመት የሞላው 2 ይበቃዋል። ትሩሜንባ የሚባለው ሌላው የቢ ክትባት ከ10 ዓመት ጀምሮ ላሉ ነው። ሁለቱን ማፈራረቅ አይቻልም፤ በጀመራችሁት ትጨርሳላችሁ። የኤ፣ ሲ፣ ደብልዩ እና ዋይ ክትባት ከ1 ዓመት በኋላ፣ እንደ ዓይነቱ፣ ብዙ ጊዜ አንድ መርፌ ነው።

«እንግዲያው 2 ዓመት ይሙላውና በሁለት መርፌ እንገላገል» የሚል ሐሳብ ይመጣል። እኔ አልመክርም። የምታተርፉት ገንዘብ ልጁ በጣም ተጋላጭ የሆነበትን ጊዜ ያለ ጥበቃ በማሳለፍ የመጣ ነው። ግን ልጁ አሁኑኑ 22 ወር ከሆነው፣ ሐኪሙን «ብንጠብቅስ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ነውር የለውም።

የአንዱን ዋጋ በመርፌዎቹ ቁጥር አባዙ። የምርመራና የመርፌ መውጊያ ክፍያ ካለ ጨምሩ። የጤና መድን ካላችሁ ደውሉ፤ በከፊል የሚመልስ አለ። ከዚያ የሚወጣውን ቁጥር ከቤቱ ወጪ ጋር አስቀምጣችሁ ተነጋገሩ።

ገንዘቡ ካልደረሰስ? እባካችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። በሽታው ብርቅ ነው፤ አብዛኞቹ ልጆች ይህን ክትባት ሳይወስዱ ያድጋሉ። ለቤት ኪራይና ለምግብ የሚሆነውን አውጥታችሁ መክፈል የለባችሁም። ነፃዎቹን አሟሉ፣ ወረድ ብዬ የምነግራችሁን ምልክቶች በቃላችሁ ያዙ።

8. ክሊኒኩን ጠይቁ

ከፍላችሁ ስለምትወስዱ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት፤ ይቀዝቅዝ እንጂ በረዶ መሆን የለበትም። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቁ። የአለርጂ መድኃኒት፣ ማለትም አድሬናሊን፣ በእጃቸው እንዳለ ጠይቁ። የሚቀጥለው መርፌ በቀጠሮው ቀን መኖሩን አረጋግጡ፤ እነዚህ ክትባቶች ከገበያ የሚጠፉበት ጊዜ አለ።

አንድ ክሊኒክ ሁለተኛውን መርፌ ቀጥሮን ሄደን «አልቋል» ተባልን። ቀድሞ ደውሎ የነገረን የለም። ከዚያ ወዲህ በዋዜማው ሳልደውል ሄጄ አላውቅም።

ከመወጋቱ በፊት ማሸጊያውን አይታችሁ ስሙንና ጊዜው ማለፍ አለማለፉን አንብቡ። ከተወጋ በኋላ ስሙ፣ ቀኑና የምርት ቁጥሩ ካርዱ ላይ ይጻፍ።

9. የመርፌው ቀን

ጭኑን በቀላሉ የሚያጋልጥ ልብስ አልብሱት፤ ሕፃናት የሚወጉት ጭናቸው ላይ ነው። ጡት የሚጠባ ከሆነ እየጠባ ቢወጋ ይረጋጋል። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ እዚያው ቆዩ።

ለቤክሴሮ ትኩሳቱን ሳይጠብቁ፣ ከተወጋ በኋላ ወዲያው ፓራሲታሞል መስጠት በእንግሊዝ የተለመደ ምክር ነው። መጠኑ በዕድሜና በክብደት ስለሚወሰን ከክሊኒኩ ሳትወጡ በሚሊ ሊትር አስጽፉ። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም።

የእኔ ልጅ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ጭኑ ቀላ፣ ስነካው ይሞቃል። ቴርሞሜትሩ 38.4 አለ። ሲያለቅስ ታቅፎ፣ ሲጠባ፣ ሲተኛ አደረ። ጠዋት ወረደለት። ያን ሌሊት የረዳኝ አንድ ነገር ነው፤ ሲነቃ ያየኛል፣ ይጠባል፣ አልቅሶ ዝም ይላል። ትኩሳቱ ከ2 ቀን በላይ ከቆየ፣ ወይም ልጁ አልነቃ፣ አልጠባ ካለ «ከክትባቱ ነው» ብላችሁ አትጠብቁ።

10. ብታስከትቡም ባታስከትቡም፣ ምልክቶቹን እወቁ

የሕፃን ማጅራት ገትር ብዙ ጊዜ እንደ ስሙ አይደለም። ማጅራቱ ላይገተር ይችላል። እነዚህን እዩ፦ እርግብግቢቱ ያብጣል። ለቅሶው ይቀጥናል፣ እንደ ሲቃ ይሆናል። ሲያቅፉት ይብስበታል። ዝልፍልፍ ይላል ወይም ድርቅ ይላል። ያስመልሰዋል፣ አይጠባም፣ አልነቃ ብሎ ይተኛል። ሰውነቱ እየነደደ እጅና እግሩ ይቀዘቅዛል። ያንቀጠቅጠዋል። ተለቅ ያለው ልጅ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተርና ብርሃን መሸሽ ይኖረዋል።

ሽፍታ ካያችሁ ጥርት ያለ የመስታወት ብርጭቆ ውሰዱ። ጎኑን ሽፍታው ላይ ጫን አድርጋችሁ በብርጭቆው ውስጥ ተመልከቱ። ሽፍታው ካልጠፋ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ በደንብ ላይታይ ስለሚችል የውስጥ እጁን፣ የውስጥ እግሩን፣ የዓይኑን ሽፋን ከውስጥ እና ላንቃውን ፈትሹ። ሽፍታ የለም ብላችሁ ግን አትዘናጉ፤ ላይመጣ ይችላል፣ ዘግይቶም ይመጣል። ይህ በሽታ በ24 ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ከቤት ስትወጡ ካርዱን ያዙ። ሆስፒታል ስትደርሱ ወረፋ ላይ በዝምታ አትቀመጡ። «ማጅራት ገትር እንዳይሆን ፈርተናል» ብላችሁ ስሙን ጠርታችሁ ተናገሩ፤ ልጁ የተከተበ ቢሆንም።